በአባታችን አንገት ላይ የተገኘው ቋጠሮ

ለተከበሩ አቶ ዩሱፍ አብዱሰላም፤ ከቦርከና ወንዝ ማዶ በጨፋ ምድር ለሚኖሩት፣ ዝናም በቀረበት ዓመት እንኳ ማሽላቸው ላላሳፈራቸው፣ ደም የተቃቡትን ሁለት ወገኖች ከአንድ ጥላ ሥር አስቀምጠው ሳይቈጡና ሳይቸኩሉ ለሚያስታርቁት፣ ከከሚሴ እስከ ባቲ ባለው ገበያ ሁሉ ቃላቸው ያለ መሐላ ለሚታመነው፣ ትልቁም ትንሹም በታላቅ ወንድም መጠሪያ «አያ ዩሱፍ» እያለ ለሚጠራቸውና እኔ ብቻ በሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ አንድ ቀን ስንኳ በዚህ ስም ላልጠራኋቸው፣ ከአንድ አባት ለተወለድን ወንድሜ። ይህን ውዳሴ ያስጻፍሁት የጽሕፈት ልማድ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ እውነት በመሆኑም ዕድሜዬን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

እኔ መሪጌታ በዛብህ ገብረ ሰላም ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓመተ ምሕረት፣ በከሚሴ ከተማ ከአውራ ጎዳናው በላይ ባለው ቤቴ፣ እግሬ አብጦ ትንፋሼ ቢያጥርም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ነፍስ አባቴ ቄስ ሣህሌ ወልደ ሚካኤል፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው አቶ ጀይሉ አህመድ፣ የወንዝ ዳር እርሻዬን የሚያርሰው አቶ ቃሲም አብዱልጀሊል በተቀመጡበት፣ ጸሐፊው አቶ ይመር እጁን ሳያቋርጥ እየጻፈልኝ፣ ኑዛዜዬን እንደሚከተለው እናገራለሁ። ንብረቴ ጥቂት ነው፤ ምክንያቴ ግን ብዙ ነውና ምስክሮች ትዕግሥት ያድርጉልኝ።

አስቀድሞ ይህን ወረቀት ከዛሬ መቶ ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው እንዳይደናገር፣ እኔ የገብረ ሰላም ልጅ፣ ዩሱፍም የአብዱሰላም ልጅ ተብለን ስንጻፍ ሁለት አባት ያለን ይመስላልና፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አባታችን አንድ ሰው ናቸው። እኔ ከመወለዴ አምስት ዓመት በፊት፣ የወሎ እስላም ሁሉ ይጠመቅ፣ ያልተጠመቀም ርስቱን ይልቀቅ በተባለበት ዘመን፣ የአባታችን ሚስት ረቢአ የአንድ ዓመት ልጇን ዩሱፍን አዝላ በባቲ በኩል ወደ ቆላው ስትሸሽ፣ አባታችን ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረዱትን ጥቁር አፈር ጥለው መሄድ አልሆንላቸው ብሎ ከመንደሩ ወንድ ሁሉ ጋር ተሰልፈው ቦርከና ወንዝ ገቡ። ያጠመቃቸው ካህን፣ ከርኅራኄም ይሁን ከመሰልቸት፣ አብዱሰላም የተባለውን ስማቸውን ወደ እኛ ቋንቋ ገልብጦ ገብረ ሰላም አላቸው። ከዚያ በኋላ እናቴን ወለተገብርኤልን በሥርዓት አግብተው እኔን ወለዱ። አዋጁ ሲላላ ረቢአ ልጇን ይዛ ተመለሰችና ከወንዙ ማዶ ተቀመጠች፤ አባታችንም በየዓርቡ «ከብቶቼን ልይ» እያሉ ወንዙን ይሻገሩ ጀመር።

እኔ በልጅነቴ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ወንድም እንዳለኝ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የማውቀው አባቴ ሥጋ የማይቀምሱ ጾመኛ መሆናቸውን ነው። በፋሲካ እናቴ የዶሮውን ወጥ ስታቀርብ ሳህኑን በሁለት ጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አድርገው ሽሮአቸውን ይበላሉ። ለገና በሬ ሲታረድ ቆዳውን ይገፋሉ እንጂ ከሥጋው አይነኩም። እናቴ ስእለት አለባቸው ብላ ለጎረቤት ነገረች፤ ጎረቤቱም «ባሕታዊው ገብረ ሰላም» አላቸው። እኔም ሰባት ዓመት በሞላኝ ፋሲካ አባቴን ለመምሰል ሳህኑን መልሼ ገፋሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬዋ ሰዓት፣ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሥጋ በአፌ አልገባም። መምህሬ በተማሪዎች ፊት ሲያመሰግኑኝ፣ ስለ አባቴ ጾም ቅኔ ተቀኝቼ ደብሩ ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ፣ እምነቴ እንደ ግንብ በዚያ ላይ ተሠራች።

መምህሬ የብራና መጽሐፍ የሚሰፉና ሽፋኑን በቆዳ የሚደጉሱ ነበሩና፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ጥራዝ የሚሰፋበትን ቋጠሮ አስተማሩኝ፤ ክሩ ሦስት ጊዜ በራሱ ውስጥ አልፎ ጫፉ የማይታይ፣ ካልቈረጡት በቀር የማይላላ፣ በዚህ አገር ከእርሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የሌለ ቋጠሮ ነው። በዚያው ዓመት በከተራ ዕለት ጥቁር ፈትል አክርሬ ለአባቴ ማተብ ሠራሁላቸውና በዚያ ቋጠሮ በአንገታቸው አሰርሁላቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በከተራ አሮጌውን ራሳቸው አስቀድመው ቈርጠው ይጥሉና አዲሱን እኔ አስርላቸዋለሁ። አባቴ ቃላቸው ጥቂት፣ እጃቸው ሩቅ ሰው ነበሩ፤ ጠጉሬን ዳብሰው አያውቁም። በዓመት አንድ ቀን ግን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በእጄ ሥር ዝም ይሉልኝ ነበር። እኔ ከአባቴ የተረፈኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በርስቱ ዳርቻ ክርክር ተነሥቶ አባቴ ለዳኛ ቀርበው እንዲመሰክሩ ስለተፈለገ፣ ልጠራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዙን ተሻግሬ ወደ ዩሱፍ ግቢ ገባሁ። አባቴ ከዛፍ ጥላ ሥር ጋቢያቸውን እስከ ጢማቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው የፍየል ጎድን አጥንት ይዘዋል፤ ጢማቸው በስብ ወዝቷል፤ በኦሮምኛ እያወሩ፣ ዩሱፍን «ኢልማ ኮ፣ ልጄ» እያሉ፣ ትከሻቸው እስኪናወጥ ይስቃሉ። እኔን በቤታችን «አንተ ልጅ» እንጂ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። ሲስቁም አይቻቸው አላውቅም።

ደንዝዤ ብቆም የዩሱፍ ሚስት ቶይባ ቀድማ አየችኝና፣ «መሪጌታ፣ እንደ ችካል አይገተሩ እንጂ፤ ለርስዎም የጾም ወጥ አላጣም» አለች። አባቴ አጥንቱን አላስቀመጡም፤ አልደነገጡምም። «ና በዛብህ» አሉኝ፤ «እኔ ጾመኛ ሆኜ አላውቅም። የማልበላው በሌላ ስም የታረደውን ነው። ባሕታዊ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እናትህን ላለማሳፈር ዝም አልሁ እንጂ።»

ሥጋው አይደለም ያቃጠለኝ። ዓርብ መሆኑም አይደለም። የዩሱፍ እጅ ያረደውን በልተው የእኔን ቤት ሳህን ሃያ አራት ዓመት መግፋታቸው፣ ከሁሉም በላይ ያ ሳቅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላም ሥጋ አልበላሁም፤ ብበላ የእነዚያን ዓመታት ረኀብ በከንቱ መራቤን ማመን ሆነብኝ። ሰዎች ለጽድቅ ይመስላቸው ነበር፤ ቄስ ሣህሌ ሆይ፣ በንስሐ ያልነገርሁዎት አንድ ነገር ይህ ነው፤ ግማሹ ለእግዚአብሔር ነበረ፤ ግማሹ ከዩሱፍ ቤት ያነሰ ቤት እንደሌለኝ ለማሳየት ነበረ።

በደሌን እናገራለሁ። በ፲፱፻፲፰ ዓመተ ምሕረት በነሐሴ ወር አባቴ እንደ ልማዳቸው ዓርብ ተሻግረው ዩሱፍ ቤት ታመሙ፤ ከአራት ቀንም በኋላ ከረቢአ መቃብር አጠገብ እንዲቀበሩ ተናዘው ሞቱ። ዩሱፍ ሳይቀብራቸው ሰው ልኮ፣ «አባታችን ዐርፈዋል፤ ቶሎ ድረስና አብረን እንቅበር» አለኝ። እኔ ግን እንደ ወንድም አልሄድሁም። የተጠመቀ ሰው በእስላም መቃብር አይቀበርም ብዬ ለአገር ገዥው አመልክቼ፣ ሁለት ዘበኛና ስድስት ዲያቆናት ይዤ ደረስሁ፤ አጥበውና ከፍነው ያቈዩትን ሬሳ፣ ቶይባ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ እያለቀሰች፣ አስነሣሁ። ከራስጌአቸው የነበረውን የወገብ ቢላዋቸውንም፣ ያ ፍየል የታረደበት እርሱ ነውና፣ ለዩሱፍ እንዳይቀር ብዬ በእጄ አነሣሁ።

ያን ጊዜ ቦርከና ላይ ድልድይ አልነበረም። ወንዙ ሞልቶ ነበርና መሐሉ ላይ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ አዳልጧቸው ቃሬዛው እስከ ዳር ጠለቀ፤ አባቴ ከነከፈናቸው በውኃ ተውጠው ወጡ። እኔ ገና አልተሻገርሁም፤ ዩሱፍም ከኋላዬ ወንዙ ዳር ከሰዎቹ ጋር ቆሞ ነበር። ሰዎቹ ዱላ ይዘው ነበር፤ እርሱ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው። ከዚያ ወዲህ ሲናገረኝ የሰማሁትን ቃል ሁሉ ብረሳ ያንን አልረሳም፤ ጮኾም አልተናገረው፤ «በዛብህ፣ አባታችን እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተጠመቁ» አለኝ።

እኔም ሥራዬን አየሁት፤ ግን አልተመለስሁም። አባቶቻችንን በውኃና በርስት መካከል አቁመው ያስመረጡአቸው ሰዎች ያደረጉትን፣ የአዋጁ ዘመን ካለፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ፣ በሞተ ሰው ላይ ደገምሁት። ለሃይማኖቴ ቀንቼ ነው ስል ኖርሁ። የቀናሁት ግን ለሃይማኖቴ ሳይሆን በወንድሜ ነው። ይመር ይህን ቃል አጉልተህ ጻፍልኝ።

አሁን የንብረቴን ድልድል እናገራለሁ።

የምኖርበት ቤትና ጓሮው ለሚስቴ ለለተማርያም ነው፤ ልጆቼ በሕይወቷ ሳለች አይጠይቋት። ይህች ሴት ሃምሳ ዓመት ለእንግዳ ሥጋ፣ ለእኔ ሽሮ ስትሠራ በአንድ ምድጃ ሁለት ድስት ስታማስል ኖራለች፤ አንድ ቀን ብቻ «ሰውዬ፣ ከማን ጋር ተጣልተህ ነው የምትጾመው?» ብላኛለች፤ አልመለስሁላትም። መልሱ ከላይ የተጻፈው ነው።

በጨፋ በወንዙ ዳር ያለው የአባታችን ጥቁር አፈር ከመሐሉ ተከፍሎ፣ ውኃ ጠገቡ እኩሌታ ለአቶ ዩሱፍ ይሁን። አባታችን በውኃ የገዙት መሬት ነው፤ ዩሱፍ ባለመጠመቁ ብቻ ከበኵር ድርሻው የተነቀለበት ነው፤ እኔም ሠላሳ አምስት ዓመት ብቻዬን በላሁት። ይህንን ቸርነት ብሎ የሚያመሰግነኝ አይኑር። ሰዎች ዩሱፍ ተበድሎ ታገሠ እያሉ ሲያወድሱት መስማት መሮኛል፤ ከእንግዲህ የሚታገሠው በደል እንዳይኖረው እመልስለታለሁ።

የቀረው እኩሌታ ለልጄ ለፈቃደ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ግዴታ። ባለፈው ዓመት ፈቃደ ለቃሲም፣ «ልጅህን ክርስትና አስነሣና የሚቀጥለውን መደብ ጨምረህ ታርሳለህ» ማለቱን ሰምቻለሁ። ቃሲም እዚሁ ተቀምጧል፤ ይህን ስናገር አንገቱን ደፋ፤ እርሱም ለምስክርነት ይበቃል። ልጄ ሆይ፣ አያትህን የሠራው እንዲህ ያለ ቃል ነው። በመሬት የተገዛ ክርስቲያን በቤትህ ይጠመቅልሃል፤ ልቡ ግን ዓርብ ዓርብ ወንዝ ይሻገራል፤ በሁለት ቤት መካከልም አንተን የመሰለ፣ እኔን የመሰለ፣ አባቱን ከወንድሙ እጅ ሲለምን የሚሞት ልጅ ይወልዳል። ጌታችን በደጅ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ በር ሰብሮ የገባበት ቤት በወንጌል አላነበብሁም። እኔ ክርስቲያን ሆኜ እሞታለሁ፤ በአባቴ ጾም ላይ የሠራሁት ግንብ ከፈረሰ በኋላ ቆሞ ያገኘሁት ክርስቶስን ብቻ ነውና አልተወውም። ፈቃደ ውኃን የመሬት ዋጋ ካደረገ ግን በዚያው ቀን ድርሻው ለእኅቱ ይለፍ።

ልጄ አመልማል ዳዊቴን፣ የመስፊያ ወስፌዬንና የድጉሰት መሣሪያዬን ትውረስ፤ ያንን ቋጠሮም ከልጆቼ የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየዒዱ ወንዙን ተሻግራ ዩሱፍን «አባባ» እያለች ጉልበቱን ስትስም፣ ተመልሳ ስትመጣ ደግሞ እየሳቀች ስትገባ ማየት እንዴት እንደቈረጠኝ እርሷ አታውቅም። ሳቅ ሁሉ ከወንዙ ማዶ ነው የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። አልከለከልኋትም፤ ይህን እንኳ ይቈጠርልኝ።

ለተዝካሬ ሁለት በሬ ይታረድ፤ አንዱን የእኛ ሰዎች፣ ሁለተኛውን የዩሱፍ ወገኖች በሥርዓታቸው ይረዱት፤ ድንኳኑም በአንድ ቁመትና በአንድ ጥላ ይተከል። የሁለተኛው መታረጃ የአባታችን ቢላዋ ይሁን፤ ከሣጥኔ አውጥታችሁ ለዩሱፍ በእጁ ስጡልኝ፤ ከታረደበትም በኋላ የእርሱ ነው።

ስለ አባታችን ዐፅም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በሰሜን በኩል ከወይራው ሥር ነው። ዩሱፍ ወደ ረቢአ መቃብር ላፍልስ ቢል ማንም ከልጆቼ እንዳይከለክለው። ይህን ስናገር ቄስ ሣህሌ፣ «መሪጌታ፣ ይህ በእኔ ፊት አይጻፍም» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። እኔም፣ «እንግዲያስ አባቴ ዓይንዎን ይጨፍኑና ይመር ይጻፈው» አልኋቸው። አቶ ጀይሉ ጢሙን እያሻሸ፣ «ይቀመጡ ቄስ፤ አሁን ወንዙ ላይ ድልድይ አለ፤ ማንም አይጠመቅም» ቢል ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቄስ ሣህሌም ተቀመጡ። የተቃወሙ መሆናቸው ግን እንዲታወቅላቸው ከፊርማቸው በላይ ይጻፍ።

ከዚህ የቀረ ልብሴ ለድኆች፣ መቋሚያዬ ለደብሩ ይሁን። ያስጻፍሁት ቃል ሁሉ ተነቦልኝ ሰምቼ፣ ልቤ የተናገረው መሆኑን አረጋግጬ ፈረምሁ።

ተናዛዥ፤ መሪጌታ በዛብህ ገብረ ሰላም (ፊርማ)
የዐፅሙን ነገር ሳልቀበል ለቀረው ምስክር ነኝ፤ ቄስ ሣህሌ ወልደ ሚካኤል (ፊርማ)
ምስክር፤ ጀይሉ አህመድ (ፊርማ)
ምስክር፤ ቃሲም አብዱልጀሊል (የጣት አሻራ)
ጸሐፊ፤ ይመር (ፊርማ)

ምስክሮቹ ፈርመው ሊነሡ ሲሉ ተናዛዡ አስቀምጠው የሚከተለውን አስጨመሩ፤ ቃሲምም ይህን ወረቀት ዛሬውኑ ለአቶ ዩሱፍ እንዲያደርስና መልሱን ይዞ እንዲመለስ አዘዙት።

ወንድሜ ሆይ፣ አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ያን ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የረጠበውን ከፈን ፈትቼ በእኛ ሥርዓት ልጠቀልላቸው ስል ማተቡን በአንገታቸው ላይ አገኘሁት። ፈትሉ በጥር በከተራ እኔ ያከረርሁት ነበር። ቋጠሮው ግን የእኔ አልነበረም። ጥጃ የሚታሰርበት፣ የጨፋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ተራ ቋጠሮ ነበር። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተቈርጦ ወልቋል፤ ዳግመኛም ታስሯል። ቋጠሮውን ሳልፈታ ከጎኑ ቈርጬ፣ ለእርሳቸው በምትኩ አዲስ አስሬ፣ ያንን በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት አስቀመጥሁት። ዛሬ ከዚህ ወረቀት ጋር ለቃሲም ሰጥቼዋለሁ፤ አይተው ይመልሱልኝ።

አባታችን ወንዙን ተሻግረው ቤትዎ ሲገቡ አውልቀውት፣ ሲመለሱ ራሳቸው መልሰው ያስሩት የነበረ ከሆነ፣ በገዛ እጃቸው የእኔን ፈትል ይዘው ወደ እኔ ይመለሱ ነበር ማለት ነው። ካረፉ በኋላ ሬሳ አጣቢዎቹ ያወለቁትን አንስተው መልሰው ያሰሩላቸው አንቱ ከሆኑ ደግሞ፣ በዘበኛ ልነጥቅዎ እየመጣሁ ሳለሁ ለእኔ ብለው አደረጉት ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ የምቀናበት ነገር በምድር የለኝም። የትኛው እንዲሆን እንደምመኝ ራሴም አላውቅም።

አያ ዩሱፍ፣ ያንን ቋጠሮ ማን እንዳሰረው ሳልሞት ይንገሩኝ።